የቦርከና አሸዋ ከየት መጣ? ጥያቄና መልስ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ስለ አሸዋና ደለል ጉዞ የጠየቃችሁትን በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ላይ ከቦርከና ወንዝ የዘገንሁት አሸዋ ጥቁር ነው። ከየትኛው ገባር እንደመጣ ይታወቃል?

መልስ፦ በቀለሙ አይታወቅም። የደሴ ዙሪያ ተራራ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባዛልት (ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ስለሆነ ገባሩ ሁሉ የባዛልትን ማዕድናት፣ ማለትም ፒሮክሲን፣ ፕላጂዮክሌዝና ማግኔት የሚስበውን ማግኔታይት ያወርዳል። የሚለያየው ድርሻቸው ነው። ስለዚህ ቦርከናንና ገባሩን ለዮሌን ከመገናኛቸው በላይ ለየብቻ፣ ከታች ደግሞ በደንብ ከተቀላቀሉ በኋላ ውሰድ። የታችኛው ድርሻ በሁለቱ መካከል ካልወደቀ ሌላ ምንጭ አለ፣ አለዚያም ናሙናው ተዛብቷል።

ጥያቄ፦ ስንት ኪሎ ይበቃል?

መልስ፦ ከ1 እስከ 2 ኪሎ፣ ከአምስት ስድስት ቦታ እየቆነጠርህ። ዳር ላይ የምትታየዋን ጥቁር መስመር ግን ተዋት፤ ውሃው ቀላሉን ጠርጎ ከባዱን ያስቀረባት ናት፣ የምትነግርህም የወራጁን ምርጫ እንጂ ምንጩን አይደለም። የግንባታ አሸዋ ከተራገፈበትም ራቅ። በመኪና የመጣ ኳርትዝ (ነጣ ያለ ቀላል ማዕድን) ስንቱን አሳስቷል!

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ብሮሞፎርም (ቀላሉን ማዕድን የሚያንሳፍፈውን ከባድ ፈሳሽ) አላገኘሁም፤ ከባዱን ማዕድን በምን ልለይ?

መልስ፦ እንኳን አላገኘህ፣ መርዝ ነው። በውሃ የሚሟሟውን ሶዲየም ፖሊታንግስቴት እፍግታውን በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.9 ግራም አድርገህ ተጠቀም። ኳርትዝ (2.65) ይንሳፈፋል፣ ፒሮክሲን (ከ3.2 በላይ) ይሰምጣል። አስቀድመህ ጭቃውን አጥበህ አድርቅ፤ ሁሉንም ናሙና በወንፊት አሳልፈህ ከ63 እስከ 125 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ያለውን ብቻ ውሰድ። መጠኑ ከተለያየ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም። ማግኔቱን በላስቲክ ጠቅልለህ ማግኔታይቱን አውጣና መዝነው፣ እንዳትጥለው። ፈሳሹን በተጣራ ውሃ ብቻ አቅጥን፤ የቧንቧ ውሃ ካልሲየም ነጭ ዝቃጭ ይሠራበታል። የብረት ማንኪያ ከነካው ደግሞ ሰማያዊ ይሆንብሃል።

ጥያቄ፦ ስንት ቅንጣት ልቁጠር?

መልስ፦ ከከባዱ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ብርሃን የሚያሳልፉትን 300። ያኔም 5 በመቶ ያልከው ከ2.5 እስከ 7.5 ሊሆን ይችላል። በ50 ቅንጣት የሚወራ ንጽጽር ግምት ነው።

ጥያቄ፦ ባዛልት ውስጥ የሚገኘው አረንጓዴ ማዕድን ኦሊቪን የለም፤ ምንጩ ባዛልት አይደለም ማለት ነው?

መልስ፦ እንደዚያ ማለት አይደለም። ኦሊቪን ገና ተዳፋቱ ላይ ሳለ ይበሰብሳል፣ ቀይ ቡናማ ይሆናል። ዚርኮን የተባለው ጠንካራ ማዕድን በተቃራኒው ይዘልቃል፤ ግን ባዛልት ውስጥ ብርቅ ነው፣ የራዮላይት (ሲሊካ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ምስክር እንጂ የአሸዋው ሁሉ አይደለም።

ጥያቄ፦ የክረምቱንና የበጋውን ልደባልቅ?

መልስ፦ ፈጽሞ አትደባልቅ። ጎርፍ ከሩቅ ያመጣዋል፣ በጋ በአቅራቢያው ያለውን ያንቀሳቅሳል። ከረጢቱ ላይ ቀኑን ጻፍ።