የፕሮም ምሽት፦ ለወላጆች የተከፈተ ጥያቄና መልስ

መላሹ በዋሽንግተንና በአካባቢው ለ19 ዓመታት ሊሙዚን ያሽከረከሩ፣ ሁለት ልጆቻቸውንም ለፕሮም (የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በትምህርት ዓመቱ ማብቂያ አካባቢ ለሚያደርጉት የጭፈራ ምሽት) የሸኙ አባት ናቸው።

ጥያቄ (እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ልጄ በሜይ ወር ፕሮም አለባት። እኛ ስናድግ ያልነበረ ነገር ስለሆነ ፈርቻለሁ። ጭፈራው አደጋ አለው?

መልስ፦ ጭፈራው አያስፈራም፤ አዳራሹ ውስጥ መምህራን አሉ፣ በብዙ ትምህርት ቤቶችም አንዴ የወጣ ተመልሶ አይገባም። የሚያስፈራው ከአዳራሹ እስከ ቤትዎ ያለው መንገድ ነው። በምን እንደምትሄድ፣ ከማን ጋር እንደምትሄድና ከዚያ በኋላ ወዴት እንደምታመራ ይጠይቋት።

ጥያቄ (አባት፣ አሌክሳንድሪያ)፦ ልጆቹ ዘጠኝ ሆነው ሊሙዚን ሊከራዩ ነው። ምን እንይ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ከዋጋው በፊት ወረቀቱን ይዩ። በሜሪላንድ፣ በዲሲና በሰሜን ቨርጂኒያ መካከል እየተሻገረ መንገደኛ በክፍያ የሚያመላልስ ድርጅት ከዋሽንግተን ሜትሮፖሊታን ኤሪያ ትራንዚት ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ቁጥሩም በመኪናው ጎን ተጽፎ ይታያል። መኪናው ሹፌሩን ጨምሮ 16 ሰው ወይም ከዚያ በላይ እንዲይዝ የተሠራ ከሆነ ደግሞ፣ ሹፌሩ መንገደኛ ለመጫን የሚያስችል ሲዲኤል (የንግድ ተሽከርካሪ መንጃ ፈቃድ) መያዝ አለበት። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 በኒው ዮርክ ግዛት ስኮሃሪ ውስጥ ለልደት የተከራዩት ሊሙዚን ፍሬኑ ከድቶት 20 ሰው ሞቷል፤ ከእነዚህ ሁለቱ ከመኪናው ውጭ በእግራቸው ቆመው የነበሩ ናቸው። ሹፌሩ ለዚያ መኪና የሚሆን መንጃ ፈቃድ አልነበረውም።

የወንበሩን ቀበቶም ይቁጠሩ። አንድ ቅዳሜ ለ10 ሰው በታዘዘ መኪና 14 ልጆች ገብተው ጠበቁኝ፤ አበባዋን በእጇ አንጓ ያሰረች አንዲት ልጅ በጓደኛዋ ጭን ላይ ተቀምጣ ነበር። እናቶች ፎቶ እያነሱ «ቅርብ ነው፣ ምን አለበት» ሲሉኝ ቁልፉን ከኪሴ አላወጣሁም። አራቱ ወርደው በአንዱ ልጅ አባት መኪና ተከተሉን።

ጥያቄ፦ በእጅ አንጓ የሚታሰረው አበባ ቀለም ከቀሚሱ ጋር መመሳሰል አለበት?

መልስ፦ ይህን ሴቶች ልጆቼ ያውቃሉ፤ እኔ ሹፌር ነኝ።

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ልጄ ራሱ ቢነዳስ?

መልስ፦ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ አጃቢ በሜሪላንድ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት፣ በቨርጂኒያ ደግሞ እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ማሽከርከር አይፈቀድለትም። ለትምህርት ቤት ዝግጅት የተለየ ሁኔታ አለ፤ ከጭፈራው በኋላ ጓደኛ ቤት የሚደረገው ግብዣ ግን የትምህርት ቤት ዝግጅት አይደለም። ሰዓቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ይንገሩት። አንድ ወዳጄ ልጁን «እስከ አምስት ሰዓት ግባ» ቢለው፣ ልጁ አባቱ የፈቀደለት መስሎት ወፍ ሲንጫጫ ገባ።

ጥያቄ፦ ስለ ፕሮም በአጠቃላይ ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ «በአጠቃላይ» ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም። በምን፣ ከማን ጋር፣ ወዴት የሚለውን ከላይ ጽፌዋለሁ።

አስተያየት (አባት፣ ሃያትስቪል)፦ እኛ በልጅነታችን ጠላ ቀምሰን አድገናል። ጓደኞቹን ቤቴ ሰብስቤ በዓይኔ ሥር አንዳንድ ቢራ ቢጠጡ ውጭ ከሚጠጡት ይሻላል።

አስተያየት (እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ የኔን ልጅ ግን ሳይጠይቁ አያጠጡ። ጠላ በአውደ ዓመት፣ እናትና አባት ባሉበት ነው የቀመስነው፤ ከዚያም ተነሥቶ መኪና የሚነዳ አልነበረም።

አስተያየት (አባት፣ ሃያትስቪል)፦ ቁልፋቸውን እሰበስባለሁ ብዬ ነው እኮ! እንዲያውም ፕሮም የሚሉት ነገር ለሐበሻ ልጅ ምን ያደርግለታል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፕሮም ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። የሜሪላንድ ሕግ ለራስዎ ልጅ በቤትዎ ውስጥ የተለየ ሁኔታ ቢተውም፣ የሌላ ሰው ልጅ በቤትዎ እንዲጠጣ መፍቀድ ግን በብዙ ሺህ ዶላር ያስቀጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከቤት ግብዣ የወጡ ሁለት ወጣቶች በመኪና አደጋ ከሞቱ በኋላ፣ በ2016 የወጣው ሕግ ልጁ ጠጥቶ እንደሚነዳ እያወቀ የፈቀደ አዋቂ፣ ልጁ ሰክሮ ሲነዳ ከባድ ጉዳት ወይም ሞት ካደረሰ፣ እንዲታሰር ጭምር ይደነግጋል። ቁልፍ ቢሰበስቡም መለዋወጫ ቁልፍ በቦርሳ ውስጥ ያለው ልጅ አይታጣም።

ጥያቄ፦ ታዲያ እንዴት ይደሰቱ? ሁሉን ከከለከልናቸው ያኮርፋሉ።

መልስ፦ ትምህርት ቤቱ ከፕሮም በኋላ የሚያዘጋጀው የሌሊት ጨዋታ ካለ ያስመዝግቧቸው። ይህ ዓይነቱ ከመጠጥ ነፃ ዝግጅት በሜይን ግዛት በ1980 ለምረቃ ሌሊት ተጀምሮ ወደ ሌሎች ግዛቶች የተስፋፋ ነው። ከሌለ ቤትዎን ይክፈቱ። የአዳራሹን ዶሮ ነካክተው ስለሚተዉት ሲመለሱ ይርባቸዋል፤ እኛ ቤት ከእኩለ ሌሊት በኋላ አሥራ አንድ ልጆች አንድ ትሪ ጥብስ ፍርፍር ከበው ሆዳቸውን ሞልተው ምድር ቤት ካርታ ሲጫወቱ አነጉ። ሜይ ብዙውን ጊዜ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል ስለ ጾምም አይጨነቁ። ነጠላ ጫማ በመኪናው ውስጥ ያስቀምጡላቸው፤ ባለ ተረከዙን ጫማ ገና ከመመለሳቸው በፊት ያወልቁታል።

ጥያቄ፦ ጥሩ ሊሙዚን ከየት እንከራይ?

መልስ፦ እህቴ፣ የድርጅት ስም አልጠራም። ሄደው መኪናውን በዓይንዎ ይዩት፣ ቀበቶውን ይቁጠሩ፣ በጎኑ የተጻፈውን ቁጥር ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ፤ ከኮሚሽኑ መዝገብ ላይ አብረን እናየዋለን።