መልስ፦ መስመሩ ከገባ ሰው ራሱ ይማራል?

«ለብሮድባንድ (ለፈጣን ኢንተርኔት) የተመደበ የመንግሥት ገንዘብ ለምን ለስልጠና ይውላል? መስመሩ ከገባ ሰው ራሱ ይማራል» ላልከው፣ እኔ የምስማማው በግማሹ ነው። ልጆቹ እውነትም ራሳቸው ይማራሉ። እናቶቻችንስ?

የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ኔትወርክ አለ። ግን አንዲት ጎረቤት እትዬ አሉን፤ ልጃቸው በቴሌብር ብር ሲልክላቸው ስልኩን ይዘው ሱቅ ይሄዳሉ። የሚስጥር ቁጥራቸውን ጮክ ብለው ለባለሱቁ ይነግሩታል፣ ዳቦ ሊገዛ የቆመው ሁሉ እየሰማ! አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብለን *127# ደውለን አሳየኋቸው። ቁጥሩን በመዳፋቸው ከልለው ሲጫኑ ብታይ! ሦስተኛው ቡና ሳይቀዳ ለመዱት።

አሜሪካኖቹ ይሄ ገብቷቸው ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት የመሠረተ ልማት ሕግ 42.45 ቢሊዮን ዶላር በዋናነት ለዝርጋታ፣ ለብቻው ደግሞ 2.75 ቢሊዮን ለዲጂታል ክህሎትና አካታችነት መደቡ። ሁለተኛውን የትራምፕ አስተዳደር በ2025 አቋረጠው እንጂ።

እኛ ጋ የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ስልጠና ሐምሌ 2016 ተጀምሯል። ጥሩ ነው፤ ግን ኮዲንግ፣ ማለትም የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ፣ ሜሴጅ ከፍቶ ማንበብ ለሚቸግረው ሰው ምን ያደርግለታል?

እኔ ብጠየቅ ገንዘቡን ለአሰልጣኝ ደሞዝ ነበር የማውለው። ኮምፒውተር ገዝቶ ክፍል ውስጥ መቆለፉንማ ለምደነዋል። የማይቸኩል፣ ካስፈለገም በኦሮምኛ የሚያስረዳ ልጅ በየወረዳው ይቀመጥ። መማሪያውም ሰዉ በእጁ የያዘው ስልክ ይሁን። የእኛ እትዬ እኮ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው ያላቸው።