እስከ ጀልባው ተከትሎ ለሚመለስ መስኪ፦ የምመርጣቸው ማባበያዎችና አጠቃቀማቸው

ውድ ጠያቂያችን፣ ሚኒሶታ ውስጥ መስኪ የተባለውን ትልቅ አዳኝ የሐይቅ ዓሣ ለማስገር ለጀማሪ የሚሆኑት ማባበያዎች የትኞቹ እንደሆኑ፣ እንዲሁም ዓሣው ማባበያዎን እስከ ጀልባው ድረስ ተከትሎ ሳይጎርስ ለምን እንደሚመለስ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ናቸው። የትኛውን ማባበያ ገዛሁ ከሚለው ይልቅ፣ የያዝኩት ማባበያ በምን ጥልቀትና በምን ፍጥነት ይሄዳል፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሜትሮችስ እንዴት እጨርሳለሁ የሚለው ይበልጣል። ስለዚህ ሣጥን ሙሉ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ዓይነት ብቻ ይያዙና እያንዳንዱን ጠንቅቀው ይወቁት።

የመጀመሪያው በክቴል ነው። ከፊት የሚሽከረከሩ የብረት ብሌዶች፣ ከኋላ ደግሞ በአጋዘን ጭራ ፀጉር ወይም በሚያብረቀርቁ ስስ የፕላስቲክ ክሮች የተሸፈኑ መንጠቆዎች ያሉት ማባበያ ሲሆን፣ ወቅቱ ከሚከፈትበት ከጁን የመጀመሪያ ቅዳሜ አንሥቶ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ከዘንጌ የማይለየው እሱ ነው። ውሃው ገና ቀዝቀዝ ሲል ቁጥር 8 ብሌድ ያላቸውን እመርጣለሁ፤ ውሃው ሞቆ አረሙ ወደ ላይ ሲያድግ ግን እንደ ደብል ካውገርል ያሉትን፣ ሁለት ቁጥር 10 ብሌድ የተሸከሙትን ትላልቆች አነሣለሁ። መስኪ በጎኑ ባለው የስሜት መስመር የብሌዶቹን ንዝረት ከሩቅ ስለሚያውቀው፣ ዓሣው የት እንዳለ በማያውቁት ሐይቅ ላይ ሰፊ ቦታ በፍጥነት ለመፈተሽ ከበክቴል የሚሻል አላገኘሁም። አረም በበዛበት ቦታ ማባበያው ገና ውሃውን ሲነካ መጠቅለል ይጀምሩ፤ ዘንጉን ከፍ አድርገው ብሌዶቹ የውሃውን ገጽ እብጥ እያደረጉ፣ ነገር ግን ሳይቀድዱት እንዲሄዱ ያድርጉ።

ሁለተኛው ትልቅ የጎማ ማባበያ ነው፤ እኔ የምጠቀመው ቡል ዶውግ የሚባለውን ጭራው የተጠማዘዘ ዓይነት ነው። ጎትተው ያቆሙታል፣ ጎትተው ያቆሙታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎረሰው ግን በሚጎተትበት ሳይሆን በሚሰምጥበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ክሩ እንዳይላላም፣ ተወጥሮ አሰማመጡን እንዳያበላሽም በዓይንዎ ይከታተሉት። ክሩ በድንገት ወደ ጎን ቢሄድ ወይም መስመጡን ቢያቆም ሳያመነቱ ይጎትቱ። የዚህ ማባበያ ዋና ወቅት መጸው (የአሜሪካኖቹ «ፎል») ነው። የሐይቁ ውሃ ከላይ እስከ ታች ተገላብጦ ሙቀቱ አንድ ዓይነት ከሆነ በኋላ፣ ቱሊቢ የሚባሉት የሰቡ ዓሦች ለመራባት ወደ ድንጋያማ ጥልቀት አልባ ቦታዎች ሲወጡ ትላልቆቹ ሴት መስኪዎች ይከተሏቸዋል። የስቴቱ ክብረ ወሰን የሆነው ከ55 ፓውንድ በላይ የመዘነው መስኪ የተያዘው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 በሚል ላክስ ሐይቅ ነበር፤ ከ1957 ጀምሮ የቆየውን የ54 ፓውንድ ክብረ ወሰን የሰበረው ዓሣ ወቅቱ ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ መገኘቱ ብርዱን ታግሦ መቆየት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳያል።

ሦስተኛው ጀርክቤት፣ ማለትም ዘንጉን ሳብ ለቀቅ በማድረግ የሚንቀሳቀስ ማባበያ ነው። ከእነዚህ መካከል እስካሁን የምወደው በዊስኮንሲን አንቲጎ ከተማ በ1930ዎቹ የተጀመረው ሱዊክ የተባለ የእንጨት ማባበያ ነው። ከኋላው ያለችውን የብረት ጭራ ወደ ታች በማጠፍ አጠላለቁን ይወስናሉ። ዘንጉን ወደ ውሃው አቅጣጫ ሳብ ሲያደርጉት ይጠልቃል፤ ሲተዉት ደግሞ ቀስ ብሎ ይነሣል። በአረም መካከል ባሉ ክፍተቶች ላይ፣ በተለይም ዓሣው በክቴሉን እየተከተለ በማይጎርስበት ቀን፣ ይህ ጠልቆ የመነሣት እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ ሐሳቡን ያስለውጠዋል። ስለ ቀለም ብዙ አልከራከርም፤ በጠራ ውሃ የተፈጥሮ ቀለም፣ በደፈረሰ ውሃ ብርቱካንማ ወይም ደማቅ ቢጫ፣ በምሽት ጥቁር ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። መስኪ የሚከተለው ለመጉረስ ስለወሰነ ሳይሆን ለመመርመር ነው፤ ማባበያው ጀልባው አጠገብ ቆሞ ከውሃ ሲወጣ ምርመራውም ያበቃል። ስለዚህ ዓሣ አዩም አላዩም፣ እያንዳንዱን ውርወራ በስምንት ቁጥር ዙር፣ ማለትም ማባበያውን ጀልባው አጠገብ ውሃ ውስጥ የ8 ቅርጽ እያስያዙ በማዞር ይጨርሱ። ከዘንጉ ጫፍ እስከ ማባበያው አንድ ጫማ ተኩል ያህል ክር ሲቀር መጠቅለሉን ያቁሙ፤ ነገር ግን ማባበያው ለአፍታም እንዳይቆም፣ ወዲያውኑ የዘንጉን ጫፍ ውሃ ውስጥ አስገብተው ወደ ጎን ይውሰዱት። መጠምዘዣው ሰፊ ይሁን፤ ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም ዓሣ በጠባብ ቦታ መዞር ስለማይችል ማባበያውን ያጣዋል። በመጠምዘዣው ላይ ዝቅ ያድርጉት፣ በቀጥታው ላይ ፈጠን አድርገው ከፍ ያድርጉት።

በሚኔቶንካ ሐይቅ አንድ ምሽት አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ይህንን ሲያደርግ ከጎኑ ቆሜ አይቻለሁ። ዓሣው በመጀመሪያ ከጀልባው ሥር እንደ ጥላ ታየ፤ በሁለተኛው ዙር አፍንጫው ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ነበር፤ ከዚያ ጠለቀና ጠፋ። ጓደኛዬ ግን ዙሩን አላቋረጠም። ሌላ መጠምዘዣ ላይ ዓሣው ከታች ተመልሶ ወጣ፣ ጉንጮቹ ተነፉ፣ የአፉ ውስጥ ንጣት ታየ፣ ማባበያውም ጠፋ። እንዲህ ባለ ቅጽበት ዘንጉን ወደ ላይ መንቀል ማባበያውን ከዓሣው አፍ ያወጣዋል፤ ዓሣው ከሚሄድበት ተቃራኒ አቅጣጫ ወደ ጎን በኃይል መጎተት ነው የሚገባው። ክሩ አጭር ስለሆነም ወዲያውኑ ክር እንዲያወጣ ሪሉን (የክሩን መጠቅለያ) በአውራ ጣትዎ እየተቆጣጠሩ ይፍቀዱለት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዓሣው ሳይጎርስ ቢሄድ አልጠፋብዎትም፤ ቦታውን አውቀዋል። በጂፒኤስ ላይ ምልክት ያድርጉና ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ጨረቃ ስትወጣ ወይም ዝናብ ያዘለ ደመና ሲቃረብ ሌላ ማባበያ ይዘው ይመለሱ። ነፋስ ከሌለና ውሃው ጸጥ ካለ በዚያ ሰዓት ላይ ላዩን እየተንቦጫቦጨ የሚሄድ እንደ ቶፕሬይደር ያለ ማባበያ እጠቀማለሁ። ዓሣው ማባበያውን ሲመታ ውሃው ሲፈነዳ ቢሰሙ ደንግጠው እንዳይጎትቱ፤ የዓሣው ክብደት ዘንጉ ላይ እስኪሰማዎት ይጠብቁ።

የዘንግና የክር ጉዳይ አጭር ነው፦ ዘጠኝ ጫማ ያህል የሚረዝም ጠንካራ ዘንግ፣ 80 ፓውንድ የሚሸከም የተጠለፈ ክር፣ ጥርሱ በቀላሉ የማይበጥሰው 130 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን ሊደር (በክሩና በማባበያው መካከል የሚታሰር ጠንካራ ማያያዣ)፣ ለጀርክቤት ደግሞ የሽቦ ሊደር ይያዙ። በዕቃ መቆጠብ ከፈለጉ ከማባበያው ቁጥር ይቀንሱ እንጂ ከመረቡ አይቀንሱ። ጥልቅና በጎማ የተለበጠ መረብ፣ ረጅም ፒንሳና መንጠቆ የሚቆርጥ መቁረጫ ሳይኖርዎት ወደ ሐይቁ አይሂዱ።

ብዙ ወገኖቻችን «ካልበላችሁት ለምን ትይዙታላችሁ?» ብለው ይጠይቁናል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በአብዛኛው የሚኒሶታ ሐይቆች 54 ኢንች ያልሞላ መስኪ ማስቀረት በሕግ የተከለከለ ነው። ትልቅ መስኪ ለዚያ መጠን ለመድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ በሥጋው ውስጥም ሜርኩሪ ስለሚከማች ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ሴቶች አይመከርም። ስለዚህ መንጠቆውን ዓሣው መረቡ ውስጥ፣ ውሃው ውስጥ እንዳለ ይንቀሉ፤ የጠለቀውን መንጠቆ ከመጎተት ቆርጠው ይጣሉት። ፎቶ ካስፈለገ አንዱን እጅ ከመንጋጋው፣ ሌላውን ከሆዱ ሥር አድርገው አግድም ይያዙት፣ ትንፋሽዎን ይዘው ሊቆዩ ከሚችሉት ጊዜ በላይም ከውሃ ውጭ አያቆዩት። በጁላይና በኦገስት የውሃው ሙቀት 80 ዲግሪ ፋራናይት ሲደርስ ግን በጥንቃቄ የተለቀቀውም ሊሞት ስለሚችል፣ በእነዚያ ቀናት መስኪውን ትተው ባስ የተባለውን ሌላ ዓሣ ያስግሩ።