«ለስት፣ ኮሽን»፦ ስለ ሻንጋይ ሰላዮች ፊልም ለጠየቃችሁኝ

የአንግ ሊን የ2007 ፊልም እዩት ካልኩ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ታሪኩን ስለማላውቅ ገና ከመጀመሪያው ግራ ገባኝ። ማን ከማን ጋር ነው?

መልስ፦ ጃፓን በ1937 ቻይናን ወረረች፤ ሻንጋይም በዚያው ዓመት ወደቀች። ዋንግ ጂንግዌይ የሚባል ትልቅ ፖለቲከኛ ለወራሪው አድሮ በ1940 ናንጂንግ ላይ መንግሥት አቋቋመ። ቶኒ ልዩንግ የሚጫወተው ሚስተር ዪ የዚህ የባንዳ መንግሥት የደኅንነት ሹም ነው። ሊገድሉት የሚያሴሩት ወጣቶች ደግሞ ጃፓንን እየተዋጋ ቾንግቺንግ ከተማ ከከተመው ከቻይናው መሪ ከቺያንግ ካይሼክ ወገን ናቸው።

ጥያቄ፦ እውነተኛ ታሪክ ነው?

መልስ፦ መነሻው የአይሊን ቻንግ አጭር ልብ ወለድ ነው። በጣም የሚቀርበው እውነተኛ ታሪክ ግን አለ። ዠንግ ፒንግሩ የምትባል የቺያንግ ወገን ሰላይ ነበረች፤ አባቷ ቻይናዊ፣ እናቷ ጃፓናዊት ነበሩ። የባንዳዎቹን የደኅንነት ሹም ዲንግ ሞሱንን ተወዳጀችውና ልታስገድለው በዲሴምበር 1939 ሻንጋይ ውስጥ ወደ አንድ የፀጉር ካፖርት ሱቅ ይዛው ሄደች። ውጭ የቆሙት ሰዎች አላማሩትም። ሮጦ ጥይት የማይበሳው መኪናው ውስጥ ገባና አመለጠ። እሷን በ1940 ረሸኗት፤ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። እሱም በ1947 በሞት ተቀጣ። እሷን እያሰብኩ ፊልሙን ማየት ሁሌም ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ ተኩስ የለ፣ ሩጫ የለ። ሴቶች ቁጭ ብለው ማህጆንግ የሚባለውን የቻይና የጠረጴዛ ጨዋታ ይጫወታሉ። ልተወው?

መልስ፦ ኧረ እንዳትተወው! ጦርነቱ እኮ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። እጆቻቸውን ተመልከት፤ የማን ጣት ላይ ምን ያህል አልማዝ እንዳለ ካሜራው አንድ በአንድ ያሳይሃል። ወሬያቸውን ስማ፤ ምን ዕቃ ከገበያ እንደጠፋ፣ የማን ባል እንደተሾመ ይነግርሃል። ሰላይ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሚስተር ዪ ብቅ ሲል ደግሞ ሰላይዋን የምትጫወተውን ታንግ ዌይን ብቻ እያት። የመጀመሪያ ፊልሟ ነው ቢሉህ አታምንም።

ጥያቄ፦ ከቤተሰብ ጋር ይታያል?

መልስ፦ በፍጹም። የአልጋ ትዕይንቶቹ ግልጽ ናቸው። ቻይና ውስጥ የታየው ተቆርጦ ነው፤ እናንተ ግን ሙሉውን ፈልጉ። ሁለቱ አልጋ ላይም እርስ በርስ እየተጠራጠሩ ነውና ያ ከተቆረጠ ታሪኩ ይጎድላል።

ጥያቄ፦ ሰላይዋ መጨረሻ ላይ ሚስተር ዪን ለምን አስመለጠችው? (ያላያችሁ ይህን ዝለሉት።)

መልስ፦ እሱ ለሰጣት የአልማዝ ቀለበት ብላ አይመስለኝም። የራሷ ወገኖች ምን አደረጉላት? ለአባቷ የጻፈችውን ደብዳቤ እልክልሻለሁ ብሎ የተቀበለው አለቃዋ አቃጠለው። ሥቃይዋን ስትነግረው አልሰማም ብሎ ጥሏት ወጣ። ለነሱ ወጥመድ እንጂ ሰው አልነበረችም። ቀለበቱን ባጠለቀችበት የጌጣጌጥ ሱቅ ውስጥ ግን፣ ለአፍታም ቢሆን፣ እንደ ሰው ያያት ጠላቷ ነው። «ሂድ» ያለችው ለዚያ ይመስለኛል። እሱ ግን የሞት ፍርዷን ፈረመ። ይህን ይቅር ልለው አልቻልኩም።

ጥያቄ፦ በምን ቋንቋ ነው?

መልስ፦ በብዛት ማንዳሪን ነው። ትርጉም ጽሑፍ ያለውን ምረጡ፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ስለሚሄድም በጊዜ ጀምሩት።