አን ሃቺንሰንን ፍለጋ፦ የፒዩሪታን ሴቶችን የዘር ሐረግ ስለመከታተል ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ቦስተን አጠገብ ነው። ባለቤቴ የዚሁ የኒው ኢንግላንድ ተወላጅ ናት። ከዓመታት በፊት አማቴ ቡና እያፈላሁላት «እኛ እኮ የአን ሃቺንሰን ዘር ነን» አለችኝ፤ ማን ናት ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜዬን የማሳልፈው መዝገብ ሳገላብጥ ነው። ከኛ ሰዎች መካከል እንደኔ ከዚህ አገር ሰው ጋር የተጋባ ብዙ ስለሆነ፣ ልጆቻችንም በእናት ወይም በአባት በኩል ያለውን ዘራቸውን ማወቅ ስለሚገባቸው፣ ጥያቄያችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር። የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስሟን ሰምቼ አላውቅም። ማን ናት?

በ1591 እንግሊዝ ውስጥ፣ ሊንከንሽር፣ አልፎርድ በምትባል የገበያ ከተማ አን ማርበሪ ተብላ ተጠመቀች። አባቷ ፍራንሲስ ማርበሪ የቤተ ክርስቲያን አለቆችን በመተቸቱ የታሰረ ቄስ ነበር፤ እናቷ ብሪጅት ድራይደን ትባላለች። በ1612 ለንደን ላይ ዊልያም ሃቺንሰን የሚባል የጨርቅ ነጋዴ አግብታ 15 ልጆች ወለደች። በ1634፣ በ43 ዓመቷ፣ ግሪፊን በምትባል መርከብ ከቤተሰቧ ጋር ቦስተን ገባች። ቦስተን ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ የሚመሯትም ፒዩሪታኖች፣ የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን እናጥራ የሚሉ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ።

አዋላጅነትም ታውቅ ነበር፤ ሴቶች ቤቷ እየተሰበሰቡ የእሑዱን ስብከት ታብራራላቸው ጀመር። በኋላ ወንዶችም መጡ። ሰው የሚድነው በጸጋ ነው፣ አብዛኞቹ ሰባኪዎቻችን ግን ሕዝቡን በሥራው እንዲመካ ያደርጉታል አለች። ገዥው ጆን ዊንትሮፕ ራሱ በተቀመጠበት ችሎት በ1637 እንድትባረር ተፈረደባት፤ በማግሥቱ ዓመት ቤተ ክርስቲያኗም አወገዘቻት። ቤተሰቡ ወደ ሮድ አይላንድ ተሰደደ። ባሏ ሲሞትባት ሆላንዶች ወደያዙት አገር፣ ዛሬ ብሮንክስ ወደሚባለው አካባቢ ሄደች። ሆላንዶቹ ከአካባቢው ነባር ሕዝቦች ጋር ጦርነት ላይ ነበሩ፤ በ1643 የሲዋኖይ ተዋጊዎች እሷንና አብረዋት የነበሩትን ልጆቿን ገደሉ። ሱዛና የምትባለው፣ ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ብቻ ተማርካ ተረፈች፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሳ በ1651 ቦስተን ላይ ተዳረች።

ጥያቄ፦ የባለቤቴን የወንድ ዘር እስከ 1640ዎቹ ቆጥረን ጨርሰናል። ሴቶቹ ጋ ስንደርስ ግን «ሚስቱ ሜሪ» ብቻ ይላል። ለምን ይሆን?

እህቴ፣ ሁላችንም የተጋጨነው ከዚህ ግድግዳ ጋር ነው። እኛ አገር ሴት ልጅ ብታገባም የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች፣ ይዛው ትቀበራለች። እንግሊዛዊቷ ግን በሠርጓ ቀን የአባቷን ስም ትጥላለች። በሕጋቸውም ያገባች ሴት ከባሏ ተለይታ አትታይም ነበር፤ ንብረቷ የእሱ ነው፣ ያለ እሱ ፈቃድ መናዘዝ አትችልም። ቅኝ ግዛቱ ውስጥ ደግሞ ፒዩሪታኖች ጋብቻን የሚያስፈጽሙት በዳኛ ፊት እንጂ በቄስ አልነበረም፤ ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን የተክሊል መዝገብ ፍለጋ አትድከሚ።

እኔ የማደርገው እሷን ትቼ በዙሪያዋ ያሉትን ሰዎች መፈለግ ነው። የአባትየው ኑዛዜ፣ ያላገባ ወንድም ሲሞት የተከፈተ የውርስ ፋይል፣ የአማች ክስ፣ የመሬት ሽያጭ ምስክሮች፣ ሁሉም ይጠቅማል። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። የአን ወዳጅ ሜሪ ዳየር፣ በኋላ ኩዌከር (ፒዩሪታኖች ያሳድዱት የነበረ የክርስቲያን ወገን) ሆና በ1660 ቦስተን ላይ የተሰቀለችው፣ በ1633 ለንደን ውስጥ ስታገባ ሜሪ ባሬት ተብላ ተመዝግባለች። ይኸው ብቻ ቢሆን ሌላ ሜሪ ልትሆን ትችላለች ያሰኛል። ዊልያም ባሬት የሚባል ወንድሟ ሲሞት ግን ንብረቱን እንዲያስተዳድሩ የተሾሙት ዊልያም ዳየርና ሚስቱ «ሜሪ ዳየር አሊያስ ባሬት» ናቸው። ያቺ «አሊያስ» የምትል አንዲት ቃል ሁለቱን ስም አሰረቻቸው። እዚያ መዝገብ ውስጥ «አሊያስ» የሚለውን ስታዪ ወንጀለኛ የተሸሸገበት ስም አይምሰልሽ፤ ለሴት ከሆነ ብዙ ጊዜ የአባቷን ቤት የሚነግርሽ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የአን ዘር መሆናችንን ለማወቅ ከአን ልጀምር ወይስ ከራሴ ልጆች?

ከልጆችዎ። አንድ ትውልድ በሰነድ ሳያስሩ ወደሚቀጥለው አይውጡ። እኔ መጀመሪያ ላይ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን የተዘጋጀ የዘር ዛፍ እንዳለ ገልብጬ ስምንት ወር ያልዘመድኳቸውን ሰዎች ስከተል ኖሬያለሁ። ስህተቱ የስም መመሳሰል ነበር። አን በሞተችበት በዚያው በ1643 ለልጇ ለኤድዋርድ ሴት ልጅ ተወለደችለትና አን ሃቺንሰን አላት። ይህቺኛዋ የልጅ ልጅ አድጋ የሜሪ ዳየርን ልጅ ሳሙኤልን አገባች። የተሰቀለችውና የተባረረችው ሴቶች ዘራቸው በአንድ ቤት ተገናኘ ማለት ነው፤ እኔ ግን አያትና የልጅ ልጅን አንድ ሰው አድርጌ ነበር።

ጥያቄ፦ እንግሊዝ ያለው መዝገብ ምን ያህል ወደኋላ ይሄዳል?

እያንዳንዱ ደብር ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግብ የታዘዘው በ1538 ነው። ሁሉም አልተረፈም፤ አልፎርድ ግን ዕድለኛ ናት። የአን ጥምቀት ጁላይ 20 ቀን 1591 ተብሎ ተጽፏል። የተጻፈው የጥምቀት ቀን እንጂ የልደት ቀን አይደለም፤ ብዙ ሰው ይህን ይስታል።

የልጆቿን ዝርዝር መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። ሱዛና በ1614፣ እንደገና ደግሞ ሱዛና በ1633። በመካከል የ1630 የቀብር መዝገብ አለ፤ በሴፕቴምበር የአሥራ ስድስት ዓመቷ ሱዛና፣ በኦክቶበር ታናሿ ኤልዛቤት። በሁለት ወር ሁለት ሴት ልጅ ቀብራለች። ከሦስት ዓመት በኋላ ለተወለደችው የሟቿን ስም ሰጠቻት። ተማርካ የተረፈችው ይህቺ ሁለተኛዋ ሱዛና ናት። የቀብር መዝገቡን ያላየ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸውና በ1651 ያገባችውን ሙሽራ የሠላሳ ሰባት ዓመት ሴት ያደርጋታል።

ጥያቄ፦ መዝገቡ «1637/8» ብሎ የሚጽፈው ዓመቱን ስለማያውቅ ነው?

በደንብ ያውቃል። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25፣ በብሥራት ቀን ነበር። በጥንቱ በዩልዮስ አቆጣጠር ማርች 25 የኛው መጋቢት 29 ነው፤ ያው በዓል፣ ያው ቀን። አን ችሎት የቆመችው በኖቬምበር 1637፣ የተወገዘችው ደግሞ በማርች 22 ነው። ለእነሱ ያ ማርች ገና 1637 ነው፣ በዛሬው የፈረንጅ አቆጣጠር ግን 1638፤ «1637/8» የሚጻፈው ሁለቱን ለማሳየት ነው። ሳያስተውል የገለበጠ ሰው ውግዘቱን ከችሎቱ ስምንት ወር ያስቀድመዋል። ፒዩሪታኖች የወሮችን ስም እንደ አረማዊ ስለሚቆጥሩት «1ኛ ወር» ብለውም ይጽፋሉ፤ ማርች ማለታቸው ነው። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ ጃንዋሪ 1ን አዲስ ዓመት ያደረጉት በ1752 ነው። ሁለት አቆጣጠር ይዞ መኖር ለኛ ብርቅ አይደለምና በዚህ ከብዙዎቹ አሜሪካውያን እንቀድማለን።

ጥያቄ፦ አንድ ኑዛዜ ላይ «ወንድሜ ዊልራይት» ይላል። የአባታቸው ስም ግን የተለያየ ነው።

ወንድም ማለት አማች፣ የእህት ባል፣ የቤተ ክርስቲያን ወንድምም ሊሆን ይችላል። ጆን ዊልራይት የዊልያም ሃቺንሰንን እህት ስላገባ ለቤቱ «ወንድም» ነው። የአጎት ልጅ ብለው የሚተረጉሙት «ከዝን» በዚያ ዘመን የወንድም ወይም የእህት ልጅንም ይጠራበታል። የእንጀራ እናትንም «መዘር ኢን ሎ» ይሏታል። «የአሁኗ ሚስቴ» የሚል ኑዛዜ ካየህ ደግሞ ፊት ሌላ ሚስት ነበረችው ብለህ አትደምድም፤ የሕግ አነጋገር ነው።

ማዕረጉንም አትዝለል። «ሚስትረስ» የተባለች የጨዋ ቤት ሴት ናት፣ «ጉድዋይፍ» ወይም «ጉዲ» የተባለች የተራ ገበሬ ወይም የእጅ ባለሙያ ሚስት። አን በችሎቱ ቃል ውስጥ «ሚስትረስ ሃቺንሰን» ናት። በስም የሚመሳሰሉ ሁለት ሴቶችን አንዳንዴ የሚለያቸው ይህ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በሜይፍላወር ነው የመጣችው?

አይደለም። ሜይፍላወር በ1620 ፕሊመዝ ነው የደረሰችው፣ 102 መንገደኛ ይዛ። የማሳቹሴትስ ፒዩሪታኖች ዋናው ጉዞ የተጀመረው በ1630 ነው፤ እስከ 1640 ድረስ ወደ 20,000 ሰው ተሻግሯል። እነዚህን ቀደምት ሰፋሪዎች አንድ በአንድ የሚያጠና ትልቅ ሥራ በ1988 ተጀምሯል፤ የያዘው በ1845 ቦስተን ላይ የተቋቋመው የኒው ኢንግላንድ ሂስቶሪክ ጂኔአሎጂካል ሶሳይቲ ነው። ከማንኛውም የኢንተርኔት ዛፍ በፊት እሱን እዩ።

ጥያቄ፦ የዲኤንኤ ምርመራ አይሻልም?

ለቅርብ ዘመድ በጣም ጥሩ ነው። እስከ አን ግን አሥራ ሁለት ትውልድ ያህል አለ፤ በአሥራ ሁለተኛው ትውልድ 4,096 የቅድመ አያት ቦታ ስለሚኖር ከእሷ አንዲት ቅንጣት ላይደርስዎት ይችላል። ያ ግን ዘሯ አይደሉም ማለት አይደለም። ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው ማይቶኮንድሪያ ይረዳል፤ ሐረግዎ ግን ከአን ሴት ልጆች ከፌይዝ፣ ከብሪጅት ወይም ከሱዛና ተነስቶ ያለ ማቋረጥ በሴት፣ በሴት የመጣ መሆን አለበት። በመካከል አንድ ወንድ ከገባ እዚያው ይቆማል።

ጥያቄ፦ ሜሪ ዳየር የንጉሣውያን ልጅ ናት የሚባለው እውነት ነው?

የእንግሊዝ ንጉሣውያን ዘመድ የነበረችው የአራቤላ ስቱዋርት ስውር ልጅ ናት የሚለው ወሬ ሜሪ ከሞተች ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የወጣ ነው፤ አንድም የዘመኑ ሰነድ የለውም። ከላይ ያልኳችሁ የወንድሟ የውርስ ፋይል ደግሞ ባሬት መሆኗን ያሳያል። ያቺ ሴት ለእምነቷ ገመድ አንገቷ ላይ የገባላት ናት፤ ዘውድ መጨመር ለክብሯ ምንም አያደርግላትም።

ጥያቄ፦ አን ራሷ የጻፈችው ነገር አለ? ልጄ ቃሏን ማንበብ ትፈልጋለች።

በእጇ የተጻፈ አልተረፈም። የተረፈው ችሎት ፊት የተናገረችው ነው፤ ብቻዋን ቆማ፣ ጠበቃ ሳይኖራት፣ ዊንትሮፕ ሲጠይቃት ጥቅስ እየጠቀሰች ስትመልስ። ያንን ቃል ደግሞ ለኛ ያደረሰው የገዛ ዘሯ ነው። በኤድዋርድ በኩል ሲቆጠር የልጅ ልጅ ልጇ ልጅ የሆነው ቶማስ ሃቺንሰን የማሳቹሴትስ ገዥ ሆነ። በኦገስት 1765 በቴምብር ቀረጥ የተቆጣ ሕዝብ ቦስተን ያለውን ቤቱን ሰብሮ ሲዘርፍ፣ ሲጽፈው የኖረው የቅኝ ግዛቱ ታሪክ ወረቀት መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ተበተነ። ጎረቤቱ የነበረ ቄስ ለቅሞ ሰበሰበለት። በ1767 ሁለተኛው ቅጽ ሲታተም፣ መጨረሻው ላይ የአያቱን አያት ችሎት ጥያቄና መልሱን እንዳለ አስገባው። ለልጅዎ የሚሰጡት እሱን ነው፤ ዛሬ በነፃ ይገኛል። መጀመሪያ ጮክ ብላ ታንብበው።