የአንባቢያን ጥያቄ፦ የጦርነት ወጪ ከመከላከያ በጀት ሌላ የት የት ይገኛል?

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ከሀዋሳ የተላኩ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ባይተዋወቁም የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነው፤ ለጦርነት የሚወጣው የሕዝብ ገንዘብ ስንት ነው፣ ባይወጣስ ምን ይሠራበት ነበር? ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ የአውሮፓ ሲሆን እንናገራለን።

ጥያቄ፦ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ የ2015ን የፌዴራል በጀት አሳይቻቸው ነበር። ለመከላከያ የተያዘው 84 ቢሊዮን ብር ከ786.6 ቢሊዮኑ 11 በመቶ እንኳ አይሞላም። አንዱ ተማሪ «ታዲያ ጦርነት ያን ያህል ውድ አይደለማ!» አለኝ። ምን ልበለው?
*መምህር፣ ታቦር ክፍለ ከተማ*

መልስ፦ ተማሪዎ ስሌቱን አልሳተም። የተሳሳተው የጦርነት ወጪ በአንድ መስመር ተጽፎ ያልቃል ብሎ ማሰቡ ላይ ነው። ያ መስመር የሚያሳየው ሰኔ ላይ ለአንድ መሥሪያ ቤት የተፈቀደውን ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ተጨማሪ በጀቱን ያሳዩት። የ2014 በጀት ሲጸድቅ 561.7 ቢሊዮን ብር ነበር። ጥር 2014 ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት አጸደቀ፤ ከዚህ ውስጥ 90 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ነበር። የሰኔውን ሰነድ ብቻ ያነበበ ሰው፣ የቀጣዩን ዓመት ሙሉ የመከላከያ በጀት የሚበልጥ ገንዘብ ሳያይ አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ በክፍል ውስጥ የአንድ ዓመት በጀት ስታነቡ ዋናውን አዋጅና የተጨማሪውን አዋጅ ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ቀጥሎ ለክልሎች የሚሰጠውን ጥቅል ድጎማ ይመልከቱ። የመምህር፣ የነርስና የግብርና ባለሙያ ደመወዝ በአብዛኛው የሚከፈለው ከዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንናገራለን። ድጎማው በ2014 ወደ 204 ቢሊዮን ብር ነበር፤ በ2015 ወደ 209.4፣ በ2016 ወደ 214 ቢሊዮን ሆነ። ከ2014 ወደ 2015 ጠቅላላው የፌዴራል በጀት 40 በመቶ ሲያድግ ድጎማው ያደገው 3 በመቶ በማይሞላ ነው። በዚያን ጊዜ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስሉት፦ 209.4ን ለ1.3 ሲያካፍሉ 161 ይመጣል። በወረቀት የጨመረው ድጎማ በገበያ ዋጋ ከ204 ወደ 161 ቢሊዮን ወርዷል፤ ከአምስት እጅ አንዱ ተሸርሽሯል። ማንም «የትምህርት በጀት ተቀነሰ» ብሎ አላወጀም። ትምህርት ቤቱ የሚያውቀው ግን ባለፈው ዓመት 100 ደስታ ወረቀት የገዛበት ብር ዘንድሮ 77 ብቻ እንደሚገዛለት ነው። የዋጋ ንረቱን ያመጣው ጦርነቱ ብቻ እንዳልሆነ ግን አብረው ይንገሯቸው። ድርቁ፣ የዶላር እጥረቱ፣ በዩክሬን ጦርነት የተነሳ የነዳጅና የማዳበሪያ መወደድም ነበረበት። ሁሉን በጦርነቱ ላይ መጫን ስሌቱን ያበላሸዋል።

ሦስተኛው ዕዳ ነው። ጦርነት በብድር ሲካሄድ ወለዱ ለዓመታት «ዕዳ ክፍያ» ተብሎ ይጻፋል እንጂ የጦርነቱን ስም አይዝም። ከጥቅምት 2015 ጀምሮ ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር የ20 በመቶውን ያህል የአምስት ዓመት የግምጃ ቤት ቦንድ (መንግሥት የሚበደርበትን ሰነድ) እንዲገዙ ታዘው ነበር፤ የበጀት ጉድለት ለነጋዴውም ብድር እንደሚያጠብ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ የለም።

የመጨረሻው መልሶ ግንባታ ነው። የሰሜኑ ጦርነት ያደረሰው ውድመትና ኪሳራ ወደ 28 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል። የፈረሰ ትምህርት ቤት ሲታደስ በበጀት ሰነዱ ላይ «ትምህርት፣ ካፒታል» ተብሎ ይመዘገባል። ሰነዱ «ልማት» ብሎታል፤ ወጪው ግን የነበረን ነገር መልሶ ለማቆም የወጣ የጦርነት ሂሳብ ነው።

ጥያቄ፦ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የስፌት ማሽን ኦፕሬተር ነበርኩ። የሰሜኑ ጦርነት ጥይት ሀዋሳ አልደረሰም፤ ከሥራ የወጣነው ግን እኛ ነን። ይሄ ከጦርነት ወጪ ይቆጠራል ወይስ የገበያ ጉዳይ ነው?
*ከሃይቅ ዳር ክፍለ ከተማ*

መልስ፦ ይቆጠራል፤ ስሙም ተዘዋዋሪ ወጪ ነው። አሜሪካ በጦርነቱ ወቅት ተፈጸሙ ያለቻቸውን የሰብአዊ መብት ጥሰቶች ምክንያት አድርጋ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1፣ 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ዕድል፣ አስወጣች። ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ክርክር ለጊዜው እንተወውና እርስዎ በእጅዎ ይዘውት በነበረው ልብስ ላይ ያደረገውን እንይ።

ከሰው ሠራሽ ጭረት (እንደ ፖሊስተር ካለ ክር) የተሠራ የሹራብ ሸሚዝ አሜሪካ ሲገባ መደበኛው ቀረጥ 32 በመቶ ነው፤ የጥጥ ሱሪ ደግሞ 16.6 በመቶ። በአጎዋ ጊዜ ሁለቱም ዜሮ ነበሩ። በ5 ዶላር የተላከ ሸሚዝ በአንድ ጊዜ የ1.60 ዶላር ቀረጥ ተጨመረበት። ለገዢ ኩባንያዎች ቆርጦ በመስፋት የሚተዳደር ፋብሪካ በአንድ ሸሚዝ የሚያተርፈው ከዚያ በጣም ያነሰ ስለሆነ ልዩነቱን ከኪሱ ሊሸፍን አይችልም። ገዢው ቀረጥ ወደማይከፍልበት አገር ትዕዛዙን ያዞራል፤ ትዕዛዝ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቆመው የስፌት መስመሩ ነው።

የሕዝብ ገንዘብም አለበት። ፓርኩ በ2008 ሲመረቅ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። አገሪቱ በ2007 ከሸጠችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድም (በውጭ ገበያ የሚሸጥ የብድር ሰነድ) የተወሰነው የዋለው ለኢንዱስትሪ ፓርኮች ነው። ዕዳው የሚከፈለው ፓርኮቹ ከሚያስገቡት የውጭ ምንዛሪ ነው ተብሎ ነበር የታሰበው። በታኅሣሥ 2016 ኢትዮጵያ የዚያን ቦንድ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። የእርስዎ ደመወዝ መቋረጥና ያ ወለድ አለመከፈሉ የአንድ ሰንሰለት ቀለበቶች ናቸው፤ የእርስዎ ግን በየትኛውም የበጀት መጽሐፍ ላይ አይጻፍም። ለዚህ ነው በደብዳቤዎ ላይ ረዘም ብለን የቆየነው።

ጥያቄ፦ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የአንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ዋጋ ስንት ትምህርት ቤት እንደሚሠራ ተናግሯል ይባላል። እውነት ነው? እኛስ እንዲህ ያለውን ንጽጽር እንዴት እንሥራ?
*ተማሪ፣ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ*

መልስ፦ እውነት ነው። አይዘንሃወር ጦር የመራ ጄኔራል ነበር፤ ንግግሩን ያደረገው በአውሮፓ አቆጣጠር ኤፕሪል 16፣ 1953 ነው። የአንድ ዘመናዊ ከባድ ቦምብ ጣይ ዋጋ ከ30 በሚበልጡ ከተሞች የጡብ ትምህርት ቤት፣ ወይም እያንዳንዳቸው 60,000 ሰው ለሚኖርበት ከተማ መብራት የሚሰጡ ሁለት የኃይል ማመንጫዎች፣ ወይም የተሟሉ ሁለት ሆስፒታሎች፣ ወይም 80 ኪሎ ሜትር ያህል የኮንክሪት መንገድ ነው ብሏል።

የእኛን ስትሠራ በቅድሚያ የገንዘቡን ዓይነት ለይ። አውሮፕላንና ድሮን በአብዛኛው የሚገዛው በዶላር ነው። በዶላር የሚገዛ ነገር የሚነጻጸረው በዶላር ከሚመጣ ነገር ጋር ነው፦ መድኃኒት፣ ትራንስፎርመር፣ ማዳበሪያ፣ የዲያሊሲስ ማሽን። ብዙ ሰው የሚስተው ዶላሩን በብር መንዝሮ «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ኮብልስቶን» ሲል ነው። ኮብልስቶን ድንጋይና ጉልበት ነው፤ ዶላር አይፈልግም። መመንዘር ግድ ከሆነብህ ቀኑን ጻፍ። ሐምሌ 22፣ 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል፤ ቀን የሌለው ንጽጽር ዋጋ የለውም።

ከዚያ የአንድ ጊዜውን ወጪ ከየዓመቱ ወጪ ለይ። አንድ ቢሊዮን ብር በመምህር ደመወዝ እንመንዝር። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ስኬል የዲግሪ ጀማሪ 11,500 ብር ያገኛል። በ12 ወር 138,000 ብር ነው። በዚህ ላይ አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ ጡረታ፣ 15,180 ብር፣ ሲጨመር 153,180 ብር ይሆናል። አንድ ቢሊዮኑን በዚህ ብታካፍለው 6,528 መምህራን ይወጣሉ፤ ግን ለአንድ ዓመት ብቻ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቢሊዮን ያስፈልጋል። የአንድ ጊዜ የጦር መሣሪያ ግዢን ከደመወዝ ጋር ያነጻጸረ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የጦር መሣሪያውን ከሕንፃ፣ ከጉድጓድ ቁፋሮ፣ ከማሽን ተከላ ጋር አነጻጽር፤ ደመወዝን ከወታደር ደመወዝ ጋር። የወታደሩን ስታሰላ ደግሞ የመንግሥት የጡረታ መዋጮ 11 ሳይሆን 25 በመቶ መሆኑን አትርሳ። ደመወዙን ብቻ የወሰደ ሰው የሠራዊቱን ወጪ አሳንሶ ያሰላል።

ለግንባታ ዋጋ ከማስታወቂያ ወይም ከወሬ አትነሣ። እዚሁ ከተማ ውስጥ ተጠናቆ ርክክብ የተደረገበትን ውል ፈልግ፤ ከመጀመሪያው የውል ዋጋ ይልቅ የመጨረሻውን የክፍያ ሰርተፊኬት ውሰድ። በዋጋ ማስተካከያና በተጨማሪ ሥራ ምክንያት ሁለቱ በጣም ሊራራቁ ይችላሉ። ጤና ጣቢያ ብለህ ከጻፍክ ደግሞ ከጎኑ ሁለተኛ መስመር ጨምር፦ በሁለተኛው ዓመት ነርሷን፣ መድኃኒቱንና ውሃውን ማን ይከፍላል? ተመርቀው የተቆለፉ ሕንፃዎች ብዙ ጊዜ የሚመጡት ይህ መስመር ሳይጻፍ ስለሚቀር ነው።

ጥያቄ፦ ኮስታሪካ ሠራዊቷን አፍርሳ ለትምህርት አዋለችው ይባላል። እኛስ ለምን አንሞክረውም?
*ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ*

መልስ፦ ኮስታሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ሠራዊቷን በትናለች፤ በ1949ኙ ሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 12ም ቋሚ ሠራዊት ከልክላለች። ፖሊስ ግን አላት። የእኛን ድንበርና ጎረቤት ላስተዋለ ሰው ይህ ለኢትዮጵያ የሚመከር አይደለም፤ ደግሞም ወደ ዜሮ መውረድ ግዴታ አይደለም። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት በ1992 ከቆመ በኋላ 148,000 ያህል ወታደሮች ተሰናብተዋል። ይህ ራሱ ገንዘብ ጠይቋል፤ የመቋቋሚያ ክፍያ፣ ሥልጠና፣ ለአካል ጉዳተኞች ሕክምና። አሁንም ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ በጀት ይፈለጋል። ስለዚህ ጦርነት በቆመ ማግስት የሚተርፍ ገንዘብ አይጠብቁ። የተሰናበተውን ሰው አቋቁሞ ለመጨረስ ዓመታት ይፈጃል፤ በዚህ ላይ የሚቆጥብ መንግሥት ያንኑ ሰው መልሶ መሣሪያ ይዞ ያገኘዋል።

ጥያቄ፦ የእድር ጸሐፊ ነኝ። በቅድመ በጀት ውይይት ላይ «ለጦርነት የሚወጣው ለጤና ጣቢያችን ይሁን» ብለን ብንናገር «የእኛ ሥልጣን አይደለም» ተባልን። ታዲያ ለምን ይጠሩናል?
*ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ*

መልስ፦ ሥልጣኑን በተመለከተ የነገሯችሁ ልክ ነው። መከላከያ የፌዴራል ጉዳይ ነው፤ በጀቱን የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ያንን ጥያቄ በጽሑፍ አድርጋችሁ፣ በብዙ እድሮች ማኅተም፣ ለምርጫ ክልላችሁ ተወካይ ስጡ። ረቂቁ ወደ ምክር ቤቱ የሚመራው ብዙውን ጊዜ ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ ስለሆነ ሚያዝያ ሳያልቅ ይድረሰው። ሰኔ 30 የደረሰ ደብዳቤ ለከርሞ ነው።

ቀበሌው ስብሰባ ላይ ግን ከተማው ሊመልሰው የሚችለውን ጠይቁ። የጤና ጣቢያው የሦስት ዓመት የመድኃኒት በጀት ስንት ነበር? ከዚያ ውስጥ በእርግጥ የተከፈለው ስንት ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ በዓመቱ መካከል የበጀት ዝውውር ተደርጓል ወይ፣ ከየትኛው ሂሳብ መደብ ወደየትኛው? ገንዘብ ድምፅ ሳያሰማ ቦታ የሚቀይረው በዝውውር ነው። ለመድኃኒት ተይዞ ለፀጥታ ሥራ ወይም ለነዳጅና ለአበል የዞረ ብር ካለ የሚታየው በዚህ ወረቀት ላይ እንጂ በጸደቀው በጀት ላይ አይደለም። ወረቀቱን ስታነቡ በ61 የሚጀምረው መደብ ደመወዝና ተያያዥ ክፍያ፣ 62 ዕቃና አገልግሎት፣ 63 ቋሚ ንብረትና ግንባታ፣ 64 ሌሎች ክፍያዎች መሆኑን ያዙ። ከ62ቱ ውስጥ 6217 ነዳጅ፣ 6231 ውሎ አበል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለዩ። የውስጥ ለውስጥ መንገድና የጎርፍ ቦይ በአብዛኛው የሚሠራው ከማዘጋጃ ቤቱ ገቢ ነው፤ ከሊዝ፣ ከኪራይ፣ ከአገልግሎት ክፍያ። እሱ ከቆመ ምክንያቱ ጦርነት ነው ብላችሁ አትቀበሉ፤ የሲሚንቶ ዋጋ ይሁን የገቢ አሰባሰብ ድክመት፣ በቁጥር ያስረዷችሁ።

በቃል ከተከለከላችሁ በመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በጽሑፍ ጠይቁ። የወታደራዊ ምስጢርን አዋጁ ስለሚከለክል ጥያቄያችሁ በከተማው ሂሳብ ላይ ይወሰን፤ «ስለ በጀቱ ይገለጽልን» አትበሉ፣ «የጤና ጣቢያው የ2016 እና የ2017 የበጀት ዝውውር ሰነድ ቅጂ ይሰጠን» በሉ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁና በአንዱ ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተምና ቀን አስመቱ። መሥሪያ ቤቱ መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ማኅተም ነው። መልስ ከቀረ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለእንባ ጠባቂ ተቋም ያቺኑ ቅጂ አያይዛችሁ አቅርቡ።