ማስተርሱንስ ልማር፣ ግን የትኛውን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ አንድ ነገር ያወራሉ። አዋላጆች (ሚድዋይፎች) ማስተርስ መማር ይፈልጋሉ። አንድ ላይ ላስተናግዳቸው ብዬ አሰብኩ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። በየማዋለጃ ክፍሉ፣ ሻይ ሲጠጣ የሚነሳው ጥያቄ እሱ ነውና።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። በሚድዋይፈሪ በ2011 ዓ.ም. ተመርቄ ልደታ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። የ3 ዓመት ልጅ አለኝ፣ እናቴ ነች የምትይዝልኝ። ባለቤቴ «ቅዳሜና እሁድ የሚሰጥ ኤም.ፒ.ኤች. (የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ) ተማሪ፣ ሥራሽንም አትልቀቂ» ይለኛል። ጓደኞቼ ደግሞ ክሊኒካል ሚድዋይፈሪ የተማረ ሰው መጨረሻው ያው የሌሊት ዱቲ ነው ይላሉ። እኔ ማዋለድ እወዳለሁ። ግን የሌሊቱ ሥራ ሰልችቶኛል። ምን ይመክሩኛል? (ት. ከልደታ)

መልስ፦ እህቴ ት.፣ ማዋለድ ትወጃለሽ፣ ሌሊቱ ሰልችቶሻል። ሁለቱም እውነት ነው። አሁን ግን ማመልከቻ ሙዪ ሙዪ የሚልሽ የትኛው ነው? ከሁሉ በፊት እሱን ለዪ። ከዱቲ መሸሽ ነውር የለውም። ስንት ዓመት ሌሊት የሠራ ሰው ወገቡም፣ እንቅልፉም ያውቀዋል። ነገር ግን ከዱቲ ለመሸሽ ብሎ ክሊኒካል ሚድዋይፈሪ የገባ ሰው፣ የሚሸሸው ክፍል ውስጥ ነው ተመልሶ የሚማረው። ማዋለጃ ክፍል ለልምምድ ይመደባል፣ ሌሊትም ይገባል፣ ታናናሾቹን ተማሪዎችም ያሳያል።

ወረቀቱ ላይ ሁሉም ማስተርስ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከተመረቅሽ በኋላ ነው። ሰኞ ጠዋት የት መገኘት ትፈልጊያለሽ? እናት አልጋ አጠገብ ከሆነ፣ ወይም ተማሪዎች ፊት ቆመሽ ማስተማር ከሆነ ክሊኒካሉ ይሻልሻል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሚድዋይፈሪ ለማስተማር ዋናው በር እሱ ነው። የእናቶችና የሥነ ተዋልዶ ጤና የሚባለው ዘርፍ መሀል ላይ ነው። ግማሽ እግሩ ክሊኒክ ውስጥ፣ ግማሹ ጥናትና ፕሮግራም ላይ። ኤም.ፒ.ኤች. ግን ሌላ ሙያ ነው። ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ሥርጭት ጥናት)፣ ባዮስታቲስቲክስ (የጤና ስታቲስቲክስ)፣ የጤና ሥርዓት አመራር ትማሪያለሽ። ጥሩ ትምህርት ነው፣ አላጣጥለውም። ከጨረስሽ በኋላ የሚጠብቅሽ ግን ኮምፒውተርና ሪፖርት ነው። እጅሽ ከማዋለድ ይርቃል።

ባለቤትሽ የቅዳሜና እሁዱን ያመጣው ለቤታችሁ አስቦ ነው፣ ይገባኛል። ኤም.ፒ.ኤች. በዚያ መልክ ይማሩታል። እጅ የሚፈልግ ትምህርት ግን በሳምንት ሁለት ቀን ክፍል ተቀምጦ አይያዝም። ምጥ ቅዳሜን አይጠብቅም። «ክሊኒካል ነው፣ ግን ሥራሽን ሳትለቂ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው» የሚል ማስታወቂያ ካየሽ፣ ልምምዱን የት ሆስፒታል፣ በማን ሥር እንደምታደርጊ ጠይቂ። መልሱ ከተድበሰበሰ ገንዘብሽን ያዢ።

ደግሞም ኤንጂኦ ታሳቢ አድርገሽ ኤም.ፒ.ኤች. ልትገቢ ከሆነ ቆም በዪ። የአሜሪካው ረጂ ድርጅት የዩ.ኤስ.ኤ.አይ.ዲ. ገንዘብ በ2017 ዓ.ም. ከቆመ ወዲህ በእናቶች ጤና ፕሮጀክት ላይ የነበረ ብዙ ሰው ሲቪውን ይዞ እየዞረ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት የሰማሽው የደመወዝ ወሬ ለዛሬ አይሠራም።

እኔን «ፍረጂልኝ» ካልሽኝ፣ ያንቺ ደብዳቤ የክሊኒካል ሰው ደብዳቤ ነው። የሌሊቱ ድካም የሥራ ቦታ ለውጥም ሊያቀለው ይችላል። ማዋለድ መውደድን ግን ሌላ ዲግሪ አይተካውም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንግባ። ሰው የሚንገላታው እዚህ ላይ ነው። ከ2016 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ድኅረ ምረቃ ለመግባት የትምህርት ሚኒስቴርን ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ልጆቹ «ጋት» ይሉታል። ለመንግሥትም ለግልም ተቋም ያው ነው። ፈተናው ስለ ምጥ አይጠይቅሽም። ሒሳብ፣ የእንግሊዝኛ ቃላትና ንባብ፣ የማመዛዘን ጥያቄ ነው። ስንት እናት ያተረፈች አዋላጅ ባቡርና ፐርሰንት ላይ ስትወድቅ ያናድዳል፣ ግን ሕጉ ይኸው ነው። ሒሳብ ከነካሽ ቆይተሻል ብዬ እገምታለሁ። ስለዚህ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መጽሐፍ አውጪና ሬሾውን፣ ፐርሰንቱን፣ ግራፉን ከልሺ። 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለዚህ ጥሩ ቦታ ነው። ከሌሊት ዱቲ በቀጥታ አትሂጂ፣ ጠረጴዛው ላይ ነው የምትተኚው።

ጋቱን ካለፍሽ በኋላ ትምህርት ክፍሉ በሙያሽ የራሱ ፈተና ሊኖረው ይችላል። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግና ሚድዋይፈሪ ትምህርት ቤት በዚያው ሰፈርሽ ነው። ክሊኒካል ሚድዋይፈሪ በስሙ የምትፈልጊ ከሆነ ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አለ። ጎንደር ስልሽ ልጅሽን ማሰብሽ አይቀርም፣ ለዚህ ነው የአዲስ አበባውን ያስቀደምኩት። በየዓመቱ የትኛው ዘርፍ እንደሚከፈት ማስታወቂያውን ራስሽ አንብቢ። በወሬ አትመዝገቢ።

ኦፊሻል ትራንስክሪፕት (የውጤት ማስረጃ) የሚላከው ከተማርሽበት ዩኒቨርሲቲ ወደሚቀበልሽ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በእጅሽ ይዘሽ አትሄጂም። ያንን ለማስላክ ደግሞ ኮስት ሼሪንግሽ (የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳሽ) መዘጋት አለበት። ከደመወዝሽ ሲቆረጥ ቆይቷል? ገቢ መደረጉን የሚያሳይ ማስረጃ አለሽ? ተቆርጦ ገቢ ያልሆነ አጋጥሞኝ ያውቃል፣ የማን መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም። ማስታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቂ። ዛሬ ፋይናንስ ክፍል ሄደሽ ጠይቂ።

ከዚያ የሥራው ጉዳይ። መሥሪያ ቤትሽ ስፖንሰር ቢሆንሽ ደመወዝሽ ሳይቋረጥ ትማሪያለሽ፣ በለውጡ ተመልሰሽ የምታገለግዪበት ውል ትፈርሚያለሽ። ውሉን አንብቢው። ስንት ዓመት ነው? ብታቋርጪ ምን ትከፍያለሽ? ስትመለሺ ለማስተርስሽ የሚመጥን መደብ አለ ወይስ የድሮው ወንበር ይጠብቅሻል? ጤና ጣቢያ ላይ ለማስተርስ አዋላጅ የሚሆን መደብ ማግኘት ከባድ ነው። ብዙዎቹ የጓደኞችሽ ምሬት የሚመጣው ከዚህ ነው፣ ከትምህርቱ አይደለም። በግልሽ ከፍለሽ ከተማርሽ ከውሉ ነፃ ነሽ፣ ግን ሁለት ዓመት ያህል በአንድ ደመወዝ ቤት ማስተዳደር ነው። ይህን ከባለቤትሽ ጋር ወረቀት ላይ ጻፉት። እናትሽንም ጠይቂያት። «ትይዝልኛለች» ብለሽ ጻፍሽ እንጂ ለስንት ጊዜ እንደተስማማች አልነገርሽኝም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ቲሲስ፣ ስለ መመረቂያ ጥናትሽ። ሳይጠየቅ የምመክረው ነው፣ ታገሺኝ። ከመግባትሽ በፊት ርዕስሽን እዚያው ጤና ጣቢያ ውስጥ ፈልጊ። የእኛ አገር ቲሲስ ርዕስ «የእገሌ ወረዳ እናቶች ዕውቀት፣ አመለካከት፣ ልማድና ተያያዥ ምክንያቶች» ሆኖ ቀርቷል። መደርደሪያው ሞልቷል። አንቺ በየቀኑ የምታዪው ነገር አለ። ለምሳሌ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ንቁ ምጥ የሚጀምረው የማህፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ነው አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. አዲሱን የምጥ መከታተያ ቅጽ አወጣ። የድሮው ቅጽ፣ ፓርቶግራፍ፣ ከ4 ሴንቲ ሜትር ነበር የሚጀምረው፣ በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር ካልከፈተች የማስጠንቀቂያ መስመሩን አለፈች ይላል። እናንተ ጋ የትኛው ነው የሚሞላው? ይሞላል ወይስ ከወለደች በኋላ ነው መስመሩ የሚሰመረው? እየሳቅሽ እንደሆነ አውቃለሁ።

ወይም ሪፈር፣ እናትን ወደ ሆስፒታል መላክ። ከልደታ ጋንዲ ሆስፒታል በካርታ ቅርብ ነው፣ ሜክሲኮ ላይ መንገዱ ከተዘጋ ግን ሌላ ነገር ነው። ሪፈር ከተወሰነበት ደቂቃ እናትየው ሆስፒታል እስክትታይ ስንት ጊዜ ይፈጃል? መዝገቡ እጃችሁ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ጥናት ተራ ይመስላል፣ ግን አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመውን ኢ-ሞቲቭ የተባለ ጥናት ተመልከቺ። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ 80 ሆስፒታሎች ውስጥ የተሠራ ነው። ደምን በዓይን መገመት ቀረና መለኪያ ባለው ፕላስቲክ ተለካ፣ ሕክምናዎቹም በተራ ሳይሆን አንድ ላይ ተሰጡ። ከወሊድ በኋላ የከፋ የደም መፍሰስና ተያያዥ ችግሮች በ60 በመቶ ቀነሱ። ነገሩ የተጀመረው «ስንት ደም ፈሰሳት?» ከሚለው ጥያቄ ነው፣ አንቺም በየሌሊቱ የምትጠይቂው። ጽሑፎቹን በክፍያ አትግዢ። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ሂናሪ በተባለው የዓለም ጤና ድርጅት አገልግሎት በኩል በነፃ ይከፈታሉ። ዳታ ለመሰብሰብ ከዩኒቨርሲቲው ሌላ የከተማው ጤና ቢሮ የሥነ ምግባር ፈቃድም ያስፈልግሻል። ወረቀቱ ይቆያል፣ በጊዜ አስገቢ።

ጥያቄ፦ ወንድ አዋላጅ ነኝ፣ በአንድ ሆስፒታል እሠራለሁ። ማስተርስ ከያዝኩ ኦፕሬሽን መሥራት እችላለሁ ወይ? አንድ ጓደኛዬ ይቻላል ብሎኛል። (ከ6 ኪሎ)

መልስ፦ አይቻልም፣ ወንድሜ። የሚድዋይፈሪ ማስተርስ ለሲ-ሴክሽን ቢላ አያስጨብጥህም። ጓደኛህ የቀላቀለው ከአይ.ኢ.ኤስ.ኦ. ጋር ነው። የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማህፀን ሕክምና ማስተርስ ማለት ነው። 3 ዓመት ይፈጃል፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የታሰበውም ለጤና መኮንኖች ነበር። መሠረታዊው የድንገተኛ ወሊድ አገልግሎት 7 ነገሮችን ይይዛል። አንቲባዮቲክ፣ ማህፀን የሚያኮማትር መድኃኒት፣ ለመንቀጥቀጥ የሚሰጥ ማግኒዥየም፣ የቀረ እንግዴ ልጅ ማውጣት፣ ማህፀን ማጽዳት፣ በቫኪዩም ማዋለድ፣ የማይተነፍስ ሕፃን መርዳት። እነዚህ ያንተ ናቸው፣ አሁንም በዲግሪህ። ኦፕሬሽንና ደም መስጠት ሲጨመሩ 9 ይሆናሉ። ማስተርሱ ሰባቱን እንድታስተምርና እንድትመራ ያደርግሃል። ወደ ስምንተኛው አያሻግርህም። ኦፕሬሽን ልብህን ከያዘው ዕድሜህ ሳይሄድ ሕክምና ወይም ሌላ መንገድ ፈልግ። የሁለት ዓመት ማስተርስ ከጨረስክ በኋላ «ይሄማ አልመሰለኝም» ከማለት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ሜሪላንድ ያለች አክስቴ «እዚህ ነርስ ሚድዋይፍ ጥሩ ይከፈላታል፣ ማስተርስሽን ይዘሽ ነይ» ትለኛለች። የሚድዋይፈሪ ዲግሪ አለኝ። አዲስ አበባ ተምሬ ብሄድ እዚያ በቀጥታ እሠራለሁ? (ሜ. ከአምባሳደር አካባቢ)

መልስ፦ በቀጥታ አይሆንም፣ ልጄ። አክስትሽ ስለ ደመወዙ ልክ ናት። መንገዱን ግን አታውቀውም። አሜሪካ ውስጥ ነርስ ሚድዋይፍ ማለት መጀመሪያ ነርስ ነው። የነርስ ፈቃድ ያወጣል፣ ከዚያ ዕውቅና ባለው የአገሩ ፕሮግራም ማስተርስ ወይም ከዚያ በላይ ይማራል፣ ከዚያ የቦርድ ፈተናውን ይወስዳል። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ድኅረ ምረቃ ዲግሪ አይገባበትም። እኛ ጋ ደግሞ ሚድዋይፈሪ ከመጀመሪያው ከነርሲንግ የተለየ ትምህርት ነው። አንቺ በእነሱ ዓይን ነርስ አይደለሽም። ትራንስክሪፕትሽ ሲገመገም የውስጥ ደዌና ቀዶ ሕክምና ነርሲንግ፣ የሕፃናት፣ የአእምሮ ጤና እያሉ ሰዓት ይቆጥራሉ። ሚድዋይፍ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ትጎድላለች። ስለዚህ የነርስ ፈተናቸው የሆነውን ኤንክሌክስ ላይ እንኳ ለመቀመጥ ትቸገሪያለሽ። ነርስ ያልሆነ ሚድዋይፍ የሚፈቅዱ እንደ ኒው ዮርክ ያሉ ግዛቶች አሉ፣ እነሱም ግን የራሳቸው የትምህርትና የፈተና መስፈርት አላቸው።

ስለዚህ አዲስ አበባ የያዝሽው ማስተርስ እዚያ እንደ ትምህርት ይቆጠርልሽ ይሆናል፣ እንደ ፈቃድ ግን አይቆጠርም። ለአሜሪካ ብቻ ብለሽ እዚህ ሁለት ዓመት አታቃጥዪ። የምትሄጂ ከሆነ አክስትሽ ያለችበትን ግዛት የነርሲንግ ቦርድ መስፈርት ታውጣልሽና አንብቢው። የሚጎድልሽ ሰዓት ካለ ነርሲንግ እዚህ መማር ይቀል እንደሆነ ያኔ እንነጋገር።

እንግሊዝን አስበሽ ታውቂያለሽ? እዚያ ሚድዋይፍ የራሷ መዝገብ አላት፣ ነርስ መሆን አያስፈልጋትም። የእንግሊዝኛ ፈተና አለ፣ ከዚያ አንድ በኮምፒውተር የሚሰጥ፣ ከዚያ በተግባር የሚታይ ፈተና አለ። ቀላል ነው አልልሽም። ግን ያለሽ ዲግሪ የሚገባበት በር ነው፣ ማስተርስም አይጠይቅሽም።